ሰውን አምኖ ሥራ ስለ መስጠት

አለቃ ለሚሆን ሰው ሁሉ የሚጠቅም አንድ ታሪክ በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 18 ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸውም የዮቶር ምክር ነው። እኔ ይህን ምዕራፍ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ አስተማሪ ከሆንሁም በኋላ ለብዙ ልጆች አስተምሬዋለሁ። ዳሩ ግን ታሪኩን አሳንሰን እንደምናነበው የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ ነው። ስለዚህ፣ ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከእናንተ ጋር እንደ ገና ልመርምረው።

የምድያም ካህን ዮቶር አማቹን ሙሴን ሊጠይቅ ወደ ምድረ በዳ መጣ። በማግሥቱ ሙሴ ለፍርድ ተቀመጠ፤ ሕዝቡም ከጧት እስከ ማታ በፊቱ ቆሞ ዋለ። ሽማግሌው ይህን ባየ ጊዜ ነገሩ መልካም አለመሆኑን ነገረው። ችሎታ ያላቸውን፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን፣ እውነተኞችንና ጉቦን የሚጠሉትን ሰዎች መርጦ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆች አድርጎ እንዲሾማቸው፣ ትንሹን ነገር እነርሱ እንዲፈርዱ፣ ከባዱ ብቻ ወደ እርሱ እንዲመጣ መከረው። ሙሴም ምክሩን ተቀበለ።

ይህን ምዕራፍ ስንተረጕም ሰባኪዎችም እኛ አስተማሪዎችም የምናዝነው ለሙሴ ነው፤ ብቻውን ደከመ እንላለን። ነገር ግን ዮቶር የተናገረው ስለ ሁለት ድካም ነው፤ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ማለቱ ነበረ። እኛ የዳኛውን ድካም ስናነሣ በፀሐይ ቆሞ የዋለውን ባለ ጕዳይ እንረሳዋለን። ሁሉን ነገር በእጁ የያዘ አለቃ እንዲሁ ነው፤ ሥራ በዛብኝ ብሎ ያማርራል፤ ምሬቱም ለራሱ እንደ ምስጋና ይጣፍጠዋል። በደጁ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ድካም ግን አይቈጥረውም።

ሁለተኛው ነገር የሒሳብ ነው። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 12 ከግብፅ የወጡት እግረኞች ወንዶች 600,000 ያህል እንደ ነበሩ ተጽፏል። በዚህ ቍጥር ብናሰላ 600 የሺህ አለቆች፣ 6,000 የመቶ አለቆች፣ 12,000 የሃምሳ አለቆች፣ 60,000 የአሥር አለቆች ያስፈልጋሉ፤ ድምሩ 78,600 ነው። ሙሴ እነዚህ ሁሉ የሚፈርዱትን እያንዳንዱን ፍርድ ካላየሁ ቢል ኖሮ፣ የዮቶር ምክር ሸክሙን ባበዛበት እንጂ ባላቀለለትም ነበር። እንግዲህ ይህ ምክር ያለ እምነት አንድ ቀን እንኳ ሊሠራ አይችልም ማለት ነው። እነዚህ የሹመት ስሞች በእኛም አገር በወታደር ማዕርግ ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ እየተባሉ ይኖራሉ። ለአሥር ሰው መወሰን የማይፈቀድለት አሥር አለቃ ግን ስሙን ብቻ ተሸክሞ ይዞራል። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ግን ሁሉም የየራሱን ሎሚ በየራሱ እጅ ሲይዝ ነው።

እነዚሁ አባቶቻችን ደግሞ ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ብለዋል፤ ታዲያ ሰውን እንዴት እንመን? የሚል ሰው አይጠፋም። ምሳሌው እውነት ነው። ነገር ግን ብልኅ ባለቤት ስንጥሩን የምትፈልገው ዱቄቱን ስትነፋ ነው፤ እንግዳው ሊጐርስ እጁን ባነሣ ቍጥር እጁን እየያዘች አትመረምርም። ዮቶር የዘረዘራቸው አራቱ ጠባዮች ወንፊት ናቸው። ጥርጣሬ ቦታው በምርጫው ጊዜ ነው፤ ከተመረጠ በኋላ ግን ሰውየው ይሠራ ዘንድ መተው አለበት።

መተው ስል መጣል ማለቴ አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 27 አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ የሞተባቸው አምስቱ የሰለጰዓድ ልጆች ርስት እንዲሰጣቸው ለመጠየቅ ወደ ሙሴ መጥተው ነበር። ነገሩ ከዚያ በፊት ያልታየ ከባድ ነገር ነበርና ሙሴ ለእግዚአብሔር አቀረበው፤ ርስቱም ለሴቶቹ ልጆች ተፈረደላቸው። የላይኛው በር አልተዘጋም ነበር ማለት ነው። መልካም አለቃ ትንሹን ነገር ከታች ይተዋል፤ ከባዱ ሲመጣ ግን በቦታው ይገኛል።

እስከዚህ ድረስ ምክሩ ፍጹም ይመስላል። እኔ ግን አንድ ጕድለት አገኝበታለሁ። ሙሴ አለቆችን ከሾመ በኋላ፣ በዘኍልቍ በምዕራፍ 11 ይህን ሕዝብ ብቻዬን ልሸከመው አልችልም ብሎ ሲያዝን እናገኘዋለን። ሥራው ተከፋፍሎ ሳለ ለምን እንደ ገና ብቻውን ሆነ? መልሱ በዚያው ምዕራፍ አለ። እግዚአብሔር 70 ሽማግሌዎችን ሰብስብ አለውና በእርሱ ላይ ከነበረው መንፈስ ወስዶ በእነርሱ ላይ አደረገ። የዮቶር ምክር ሥራን አካፈለ፤ ይህ ግን መንፈስን አካፈለ። ሥራን ብቻ የተቀበለ ሰው ታዛዥ ይሆናል፤ መንፈስን የተቀበለ ግን ለነገሩ እንደ ባለቤት ያስባል።

መንፈስን ማካፈል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነም ወዲያው ይታያል። ከ70ዎቹ ሁለቱ፣ ኤልዳድና ሞዳድ፣ ወደ ድንኳኑ ሳይመጡ በሰፈር ቀርተው ትንቢት ተናገሩ። አንድ ጐልማሳ ሮጦ ለሙሴ ነገረው፤ ኢያሱም ከልክላቸው አለው። እነዚህ ሰዎች ምንም ክፉ አልሠሩም፤ ጥፋታቸው አለቃው በሌለበት ስፍራ መልካም መሥራታቸው ብቻ ነበር። ሙሴ ግን ስለ እኔ ትቀናለህን? ብሎ ኢያሱን መለሰው፤ ሕዝቡ ሁሉ ነቢያት ቢሆኑም እንደሚወድ ተናገረ። በእኔ አስተያየት ሙሴ አለቃ መሆንን የፈጸመው በዚህች ቀን ነው። እያንዳንዱን ነገር ካላየሁ የምንል ሰዎች ሥራው እንዳይበላሽ ነው እንላለን፤ ብዙ ጊዜ ግን የምንፈራው ያለ እኛ መልካም ሆኖ እንዳይገኝ ነው።

ይህን የምለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔው ራሴ በድዬበታለሁና። ርዕሰ መምህር በነበርሁበት ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱን ቍልፍ ሁልጊዜ በኪሴ እይዝ ነበር። ለክፍሉ ኀላፊ አድርጌ የሾምሁት አንድ ወጣት መምህር ነበረ፤ በሩን ለመክፈት ግን በየቀኑ ወደ ቢሮዬ ይመጣል። አንድ ጊዜ አክስቴ አርፋ ለቀብር ወደ ገጠር ሄድሁና አራት ቀን ቈየሁ፤ ቍልፉም በኪሴ ነበረ። ሳምንቱ ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁበት ነበርና ተማሪዎቹ በተዘጋው በር ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አሮጌ ደብተራቸውን ሲያገላብጡ ሰነበቱ። ስመለስ የተቈጣኝ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ለምደውታልና። መምህሩን ጠርቼ፣ «ለምን ሰብረህ አልከፈትህላቸውም?» አልሁት።

«ጋሼ፣ በማን ሥልጣን ልስበረው?» አለኝ። «እስከ ዛሬ አንድ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ሳዛውር እንኳ እርስዎን ጠይቄ ነው።»

ያን ዕለት ቍልፉን ሰጠሁት። በዓመቱ መጨረሻ መጻሕፍቱ ሲቈጠሩ ግን ሰባት ጐደሉ። ቍልፉን ልቀበለው ተነሥቼ ወደ ክፍሉ ሄድሁ፤ ከበሩ ስደርስ ግን እነዚያ ልጆች የተቀመጡበትን ደረጃ አየሁትና ሐሳቤን ለወጥሁ። «ምን ይሻላል ትላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ከየክፍሉ አንድ ተማሪ ተመርጦ የወጣውንና የገባውን መጽሐፍ ይመዝግብ አለኝ። በቀጣዩ ዓመት የጐደሉት ሁለት ናቸው። ሰባቱ መጻሕፍት እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ ነገር ግን በእኔ ኪስ ቍልፍ ሳለ የጠፋውን የዚያን መምህር አሳብ ስንት ዓመት እንደ ከሰርሁት ማን ይቈጥርልኛል?

ልጆቼ፣ እናንተም በየጊዜው የክፍል አለቃ፣ የማኅበር ጸሐፊ፣ የመሥሪያ ቤት ሹም ትሆናላችሁ። ሰውን ከመሾማችሁ በፊት በደንብ መርምሩ፤ ከሾማችሁት በኋላ ቍልፉን ስጡት፤ ሲሳሳት ቍልፉን ከመንጠቃችሁ በፊት ምን እንዳሰበ ጠይቁት። እናንተ በሌላችሁበት ሥራው መልካም ሆኖ ብታገኙት ደግሞ አስቀድማችሁ የገዛ ልባችሁን ተመልከቱ፤ ደስ ብሎት እንደ ሆነ ወይም እንደ ኢያሱ ከልክላቸው እያለ እንደ ሆነ።

ከ78,600ዎቹ አለቆች የአንዱ እንኳ ስም በዮቶር ምዕራፍ ውስጥ አልተጻፈም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ከጧት እስከ ማታ በሙሴ ፊት ቆሞ ዋለ የሚል ቃል አናነብም።