አምስት ቀዳዳ ምን ያረጋግጣል?

ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍታው ግን ከ2,700 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ገደማ ያሽቆለቁላል። ከጉምና ከብርድ ወጥታችሁ ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ። እንጨትም ይህን ለውጥ ያውቀዋል። እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያውም በርዝመቱ ሳይሆን በዋናነት በወርዱ። ደጋ ላይ በክረምት አልዘጋም የሚል በር ቆላ ቢወርድ ይላላል። ያ እንጨት በር ሳይሆን የዒላማ ጠመንጃ አካል ቢሆንስ?

«ሪምፋየር» የሚባለው የዒላማ ስፖርት ጠመንጃ መምቻው የቀለሁን ጠርዝ ሲመታ የሚተኩስ፣ 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ትንሽ መሣሪያ ነው። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ውድድር የ10 ነጥቧ ክብ ዲያሜትር 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አፈሙዙ በ0.01 ዲግሪ ቢዛነፍ ጥይቷ ዒላማው ላይ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ትስታለች። ያበጠ እንጨት አፈሙዙን ወደ አንድ ጎን ከገፋው ጉድ ፈላ ማለት ነው።

መፍትሔ ተብሎ የሚመከረው «ቤዲንግ» ነው፤ ብረቱና እንጨቱ የሚገናኙበትን ቦታ በኢፖክሲ ሙጫ ሞልቶ፣ ብረቱ ብሎኑ ሲጠብቅ ሳይጣመም ሁልጊዜ እዚያው እንዲቀመጥ ማድረግ። ሐሳቡ ጤናማ ነው። ዓላማው ማጥበቅ ሳይሆን እያንዳንዱ ተኩስ ካለፈው ጋር አንድ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ችግሬ ከማስረጃው ጋር ነው። አንዱ ወገን «አፈሙዙ እንጨቱን ፈጽሞ አይንካ፣ በመሃላቸው ወረቀት ይለፍ» ይላል። ሌላው «የለም፣ አፈሙዙም ከሥሩ ድጋፍ ይፈልጋል» ይላል። ሁለቱም የሚያሳዩት ማስረጃ አንድ ዓይነት ነው፤ ከሥራው በፊት የተተኮሱ 5 ቀዳዳዎች፣ ከሥራው በኋላ የተተኮሱ 5 ቀዳዳዎች። ከተራራቁት ሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ለምሳሌ ከ24 ወደ 16 ሚሊ ሜትር ወርዷል። በቃ፣ ተረጋገጠ!

ቆይ፣ ተቃራኒ ምክሮች እንዴት በአንድ ዓይነት ፎቶ እኩል ይረጋገጣሉ? ምናልባት ለተለያዩ ጠመንጃዎች ሁለቱም ልክ ይሆናሉ። ግን ቀለል ያለ ማብራሪያም አለ፤ ዕድል። ምንም ያልተነካ ጠመንጃ በ5 ተኩስ በአማካይ 20 ሚሊ ሜትር የሚበትን ከሆነ፣ ከሦስት ሙከራ አንዱ ያህል ከ15 በታች ወይም ከ25 በላይ ይወጣል። 24 እና 16 ያለ ምንም ሙጫ ሊመጡ ይችላሉ ማለት ነው። በ3 ተኩስ ከሆነማ ይብሳል።

ጥይቱም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በሰከንድ 330 ሜትር የምትወጣ ጥይት ፍጥነቷ በ10 ሜትር ቢለዋወጥ፣ 50 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች። አዲስ ካርቶን ከፍቶ «ቤዲንጉ ሠራ» ማለት ሁለት ነገር ቀይሮ አንዱን ማመስገን ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከአንድ ካርቶን የወጣ ጥይት፤ ድጋፉን እያስገቡና እያወጡ በተራ መተኮስ፤ በየወገኑ 5 ሳይሆን 20 እና 30 ተኩስ፤ «ይቺ በእኔ ጥፋት ነው» ብሎ አለመጣል፤ ከሩቆቹ ሁለት ቀዳዳዎች ይልቅ ሁሉም ከመሃሉ ያላቸውን አማካይ ርቀት መለካት። ይህ አሰልቺ ነው። ፎቶው ተወዳጅ የሆነውም ስለማያሰለች ነው።

ነገሩ የጠመንጃ ብቻ አይደለም። ነገ ከመካከላችሁ አንዱ «ይህ ማጣሪያ የውኃውን ድፍርስነት ቀነሰ» ብሎ ሁለት ልኬት ይዞ ይመጣል፤ አንዱን ከዝናብ በፊት፣ ሌላውን ከዝናብ በኋላ። ያንን ውኃ የሚጠጣ መንደር አለ።

ይህን ለመፈተሽ ጠመንጃ አያስፈልጋችሁም፤ በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ አይያዝም። ወረቀት ላይ ነጥብ አድርጉና ጨርቅ ላይ አንጥፉት። ከአንድ ሜትር ከፍታ 5 የበቆሎ ፍሬ አንድ በአንድ ጣሉ፤ መጀመሪያ ያረፉበትን ምልክት አድርጋችሁ የተራራቁትን ሁለቱን ለኩ። ምንም ሳትቀይሩ አሥር ጊዜ ድገሙት። ከዚያ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡና፣ ለጓደኛችሁ «አሻሽዬዋለሁ» ብትሉት ያምን እንደሆነ ጠይቁት።