ባለቤቱ የት አለ?
ስለ ኪነ ሕንፃ ተማሪዎች ንድፍ አጭር ሒስ

ሰሞኑን የኪነ ሕንፃ ተማሪ ጓደኞቻችን ንድፎቻቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ስለነበር እኛም የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ተጠራርተን ሄድን። የተሰጣቸው አርእስት «ማንነቴን የሚናገር ቤት» የሚል ነው። ገና ከበሩ ስንገባ «እናንተ ደግሞ ስለ ሕንፃ ምን ታውቃላችሁ?» ያለን አልጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሲሚንቶና የብረት ነገር አናውቅም። ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ ተወልደን ቤት ውስጥ አድገናል። ቤት ይናገራል ከተባለ ደግሞ ንግግርን መመርመር የኛ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። የእጅ ሥራው የሚያኮራ ነው። መስመሩ ጥርት ያለ፣ በካርቶን የተሠሩት ሞዴሎችም ብዙ ሌሊት እንቅልፍ የታጣባቸው መሆናቸው ያስታውቃል። እጃቸው ይባረክ!

ወደ ይዘቱ ስንገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ የአክሱምን ሐውልት የደረጃ ማማ አድርጎታል። ሌላዋ በአራት ፎቅ አፓርትመንት አናት ላይ የፋሲልን ግንብ ጥርሶች ደርድራለች። ሦስተኛው የላሊበላን መስቀል መስኮት አድርጎ ቀዷል። አራተኛው ጎጆ ቤትን በኮንክሪት ደግሞታል። ከንድፎቹ ሥር የተጻፉትን ስሞች አንስተን ብናቀያይራቸው ማን ያውቅብን ነበር? «ማንነቴ» ሲሉ ሁሉም ያንኑ የፖስታ ካርድ አወጡ። ይህ የአገር መታወቂያ ነው፤ የሁላችንም ነው። የተጠየቀው ግን የአንድ ሰው ቤት ነበር። ታዲያ ባለቤቱ የት አለ?

ይህን ስንል እኛ ንጹሕ ነን ማለታችን አይደለም። ግጥማችን ላይ የምንናገረው ሲጠፋን ዓባይን፣ አክሱምንና ላሊበላን ጠርተን ቤት እንመታለን። በሽታው የጋራ ነው።

አንዱ ተማሪ ግን አፋችንን አስያዘን። «ላሊበላስ ከአክሱም አልገለበጠም?» አለን። እውነቱን ነው። የአክሱም ግንበኞች በድንጋዩ ግድግዳ መሐል እንጨት ያጋድሙ ነበር፤ ወደ ውጭ ብቅ የሚለው የእንጨቱ ጫፍ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እስካሁን ይታያል። ሐውልቶቹ ላይ ግን እንጨት ሳይኖር መልኩ ብቻ በድንጋይ ተቀረጸ። የላሊበላው ቤተ አማኑኤልም ያንኑ የአክሱም ግድግዳ በአለት ላይ ይደግማል። ታዲያ ለነሱ የተፈቀደ ለእኛ ለምን ይከለከላል?

ሁለት ቀን ተከራከርንበት። የደረስንበት ይህ ነው፦ የላሊበላ ጠራቢ የአያቶቹን መልክ ወሰደ፤ ሥራውን ግን ገለበጠው። ግንበኛ ከታች ወደ ላይ ይክባል፤ እሱ ከላይ ወደ ታች ፈለፈለ። የተወረሰው መልክ በአዲስ ሥራ ውስጥ ገባ። በፋሲል ጥርስ ያጌጠው አፓርትመንት ግን ጥርሱን ብታወልቁለት ውስጡ ቅንጣት አይለወጥም። ሳሎኑ ያው ሳሎን፣ ኮሪደሩ ያው ኮሪደር ነው። መመዘኛችን እንግዲህ ቀላል ነው፦ ጌጡ ሲነሣ ቤቱ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም?

ተማሪ ሆኖ በዚህ መንገድ ያለፈ ብዙ ነው። ኋላ ለ ኮርቡዚዬ ተብሎ የታወቀው የስዊስ ተወላጅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ በ1906 እና 1907 እ.ኤ.አ.፣ በትውልድ ከተማው ቪላ ፋሌ በተባለ ቤት ሥራ ተካፍሎ ነበር። በቤቱ ፊት ላይ የአካባቢው ተራራ ጥድ በጌጥ መልክ ተደርድሯል። «እኛ የዚህ ተራራ ልጆች ነን» ማለታቸው ነበር። ሰውዬው ካደገ በኋላ ግን ሥራዎቹን በመጽሐፍ ሲያሰባስብ ያንን ቤት ተወው።

ሌላውን ምሳሌ ከቡርኪና ፋሶ እንውሰድ። ፍራንሲስ ኬሬ በርሊን ተማሪ ሳለ ለትውልድ መንደሩ ለጋንዶ ትምህርት ቤት ነደፈ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ አለቀ። ልጅ ሆኖ የተማረባቸው ክፍሎች ጨለማና ምድጃ ነበሩ። ስለዚህ ግድግዳውን ከመንደሩ አፈር በተሠራ ጡብ አቆመ፤ ቆርቆሮውን ከጣሪያው ከፍ አድርጎ ሙቀቱ በመሐል እንዲወጣ አደረገ። መንደርተኛውም አብሮት ሠራ። በግድግዳው ላይ የለጠፈው ምልክት የለም። ማንነቱ ያ የልጅነት ሙቀት ነው፤ ለሙቀቱ የሰጠው መልስ ነው። በ2022 የፕሪትዝከር ሽልማት ሲሰጠው መነሻው ይኸው የተማሪ ሥራ ነበር።

ከኛም አገር ሐረር አለችላችሁ። የሐረሪ ቤት ለመንገደኛ የሚያሳየው ባዶ ግንብ ነው። ገብታችሁ ስታዩት ግን ከፍና ዝቅ ያሉት መደቦች ማን የት እንደሚቀመጥ ይናገራሉ፤ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። ማንነት ፊት ለፊት መለጠፍ አለበት ያለው ማን ነው?

አሁን ወደ አንዲት ጥግ ላይ ወደተሰቀለች ንድፍ እንምጣ። ብዙ ሰው አላያትም። ነዳፊው ያደገው እናቱ እንጀራ እየጋገሩ በሚሸጡበት ቤት ነው። ማድ ቤቱን ከጓሮ አውጥቶ መንገድ ዳር ፊት ለፊት አቆመው፤ ደንበኛ በመስኮት ይገዛል፤ ከምጣዱ በላይ ጭስ መውጫ ሠራለት፤ ሳሎኑ ከኋላ ሆነ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ «ይህ ድህነት እንጂ ማንነት አይደለም» ብለው ዝቅተኛ ማርክ ሰጡት።

እኛ አንስማማም። ድህነትን ማስዋብ ቢሆን ኖሮ ጭሱን እንዳለ ይተወው ነበር። እሱ ግን የእናቱን ዓይን ከጭስ አዳነ፤ እንግዳ እንዳያይ ይደበቅ የነበረውንም ምጣድ የቤቱ ፊት አደረገው። ከተሰቀሉት ሁሉ ስሙን ብንፍቀው እንኳ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ይህ ብቻ ነው።

እሱንም ግን ሳንነቅፈው አናልፍም። በፕላኑ ላይ የእናትየው ቦታ አለ፤ የእህቶቹ አለ፤ የራሱ የለም። «አንተስ የት ነው የምታጠናው?» ብንለው ሳቀና «እኔማ ውጭ፣ የመንገድ መብራት ሥር ነበር የማጠናው» አለን። እንዴ! ታዲያ ያ መብራት ለምን ቀረ? ከማድ ቤቱ መስኮት ሥር አንዲት መደብ ብትጨምር፣ የምጣዱ ሙቀት ከጀርባ፣ መብራቱ ከፊት ሆኖ ልጁም ቤቱ ውስጥ በገባ ነበር።

ጓደኞቻችን፣ ተሳስተን ከሆነ መልሱልን፤ ለሚቀጥለው እትም ጽሑፋችሁን እንጠብቃለን። የኛንም ግጥሞች በዚሁ ሚዛን ብትመዝኑልን ደስ ይለናል።