በሩን ማን ይከፍተዋል?



ልጆቻችሁ በኮምፒውተር ምን እንደሚጫወቱ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቁርኣን የማስቀራቸው ልጆች ስለ አንድ የጭራቅ ጨዋታ ሲያወሩ ሰማሁ። ሳያዩ መኮነን ደግ አይደለምና፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ልጄና ጓደኞቹ እቤት ተሰብስበው ሲጫወቱ አብሬ ተቀመጥኩ።

ጨዋታው «ኮስትዩም ክዌስት» ይባላል። ደብል ፋይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. የሠራው አጭር ጨዋታ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሃሎዊን ማታ ነው። ሃሎዊን በምዕራቡ ዓለም ኦክቶበር 31 ምሽት የሚከበር ሲሆን፣ ልጆች የጭራቅና የአጽም ልብስ ለብሰው በየቤቱ እያንኳኩ ከረሜላ ይጠይቃሉ። በዓሉ የእኛ አይደለም፤ ልጆቻችንም ይህን ሊያውቁ ይገባል። ነገር ግን ትችታችን እዚህ ላይ ቢያበቃ ጨዋታውን አላየነውም ማለት ነው።

ሬንና ሬኖልድ የሚባሉ መንትዮች አዲስ ሰፈር ገብተዋል። ተጫዋቹ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ሌላው የከረሜላ ቅርጽ ያለው ልብስ በመልበሱ፣ ጭራቅ እውነተኛ ከረሜላ መስሎት ጠልፎት ይሄዳል። የቀረው ልጅ በየበሩ እያንኳኳ ይፈልገዋል። በሩ ሲከፈት አንዳንዴ ከረሜላ የያዘ ጎረቤት፣ አንዳንዴ ጭራቅ ይወጣል። ጭራቅ ከሆነ ፍልሚያ ይጀመራል። ያን ጊዜ ካርቶን ለብሶ የነበረው ልጅ ግዙፍ ሮቦት ይሆናል።

መልካሙን መደበቅ ፍትሕ አይደለም። ጨዋታው ደም የለበትም። ልጁ የእናቱን ልጅ ጥሎ ወደ ቤት አይመለስም፤ መንገድ ላይም ጓደኞች አፍርቶ በጋራ ይታገላል። ይህ ለልጅ የሚያስተምረው ነገር አለ።

ጉድለቱ በሩ ላይ ነው። እዚያ የጎረቤት በር ዕጣ ነው፤ ወይ ከረሜላ ወይ ጭራቅ። በእኛ ሰፈር ግን በር ሲንኳኳ የምናውቀው ሰው መጣ ማለት ነው። ልጆቻችን በዒድ ቀን ከቤት ቤት ይዞራሉ። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆች ለቡሄ ሆያ ሆዬ እያሉ ደጃችን ሲመጡም እጃቸውን ባዶ አንመልስም።

ከማስቀራቸው ልጆች መካከል በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ልጆች አሉ። በዚያ ሐሙስ ከእነሱ አንዱ አብሮን ነበር። በጨዋታው ውስጥ በር ሲንኳኳ ሌሎቹ ሳቁ፤ እሱ ተነስቶ ወጣ። ተከትዬው ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ኡስታዝ፣ እንዳይከፍቱ ይንገሯቸው» አለኝ።

አያችሁ ወገኖቼ! አንዱ ልጅ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ የሚያበቃለትን ፍርሃት ሌላው ይዞት ይተኛል። የጨዋታው ሠሪዎች የጻፉት ቤቱ ሰላም ለሆነ ልጅ ነው። ለዚያ ልጅ ሳቅ የሆነው ለዚህኛው ቁስል መነካካት ነው።

ታዲያ አስፈሪ ተረት ይቅር ልንል ነው? እኔ አንኮበር ሳድግ አያቴ በዚያ ብርድ እሳት ዳር አስቀምጣ ስለ ጭራቅና በሌሊት ጅብ ስለሚሆን ሰው ታወጋን ነበር። የምትናገረው ግን ፊታችንን እያየች ነው። አንዳችን ከፈራን ታሳጥረዋለች። ሲያልቅ እጇን በራሳችን ላይ አድርጋ ፈለቅንና ናስን ትቀራብናለች። ኮምፒውተር ተረት ይነግራል፤ የልጁን ፊት ግን አያይም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ ልጆቻችንን ወደ ቤት እንድንሰበስብ አስተምረውናል። ዛሬ ልጁ ቤት ተቀምጦም በየሰው በር እያንኳኳ ያመሻል። ስለዚህ ጨዋታውን ሰጥታችሁት አትሂዱ። አጠገቡ ተቀመጡ፤ የተጠለፈውን ወንድም ፍለጋ አብራችሁት ውጡ፤ ሲያበቃም በሩን ማን እንደከፈተ አውጉት። እኔ ያን ልጅ እጁን ይዤ ወደ ቤቱ አደረስኩት። በሩን አንኳኳሁ፤ እናቱ ከፈተች።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።