በጉ ኦስካር ባያገኝስ?

በቅዳሜው የወጣቶች ኅብረት ፕሮግራም ላይ «ላምብ» የተባለውን የአገራችንን ፊልም አብረን እንየው ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ ኦስካር አሸንፏል እንዴ?» አለኝ። «አላሸነፈም፤ ዕጩም አልሆነም» አልሁት። «ታዲያ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ተቀመጠ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ይህ ልጅ ግጥም ይጽፋል። ባለፈው ዓመት በራሳችን የግጥም ውድድር ከሦስቱ ተሸላሚዎች ሳይገባ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ አላየሁትም። ከዳኞቹ አንዱ ደግሞ እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ ጥያቄውን በቁም ነገር ልመልስለት፤ እናንተም አብራችሁ ስሙኝ።

በመጀመሪያ ስለ ፊልሙ። «ላምብ»ን ያዘጋጀው ያሬድ ዘለቀ አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ ፊልም ሥራን ኒው ዮርክ የተማረ ሰው ነው። ፊልሙ በአማርኛ የተሠራ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ኤፍሬም የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ በድርቁ ዘመን እናቱን ያጣል። አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ለመሄድ ሲነሳ ልጁን ዝናብ ወዳለበት አገር፣ ዘመዶቹ ዘንድ ያደርሰዋል። ልጁ ይዞት የመጣው አንድ በግ ብቻ ነው፤ ስሙ ቹኒ። አጎቱ ሰሎሞን ግን በዓል እየደረሰ ነውና በጉ ይታረዳል ይላል። ከዚያ በኋላ የምናየው አንድ ሕፃን በጉን ለማዳን የሚያደርገውን ሁሉ ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

እኛ ኩታበሮች ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ ከቤት የወጣ በግ ያስለቀሰው ልጅ በየሰፈራችን አለ። ከእናንተም መካከል ያሳደገውን በግ በገበያ ቀን ራሱ ጎትቶ የሸጠና የትምህርት ቤት ደብተር የገዛ ይኖራል። የፊልሙ ጥንካሬም እዚህ ላይ ነው። ልጁ ለበጉ ያለውን ፍቅር በንግግር አያስረዳንም፤ እጆቹን ነው የሚያሳየን። ኤፍሬም ምግብ ማብሰል ይወዳል። አጎቱ ይህ የሴት ሥራ ነው ብሎ ይናቀዋል። ልጁ ግን ሳምቡሳ ጠብሶ ሲሸጥ፣ የሞተችው እናቱ በእጆቹ ውስጥ እንዳለች እናያለን። ማንም «እናቱን እያሰበ ነው» ብሎ ሳይነግረን እናውቃለን። ጽዮን የምትባለው የአጎቱ ልጅ ደግሞ ትዳር ከመያዝ ይልቅ ማንበብ የምትወድ፣ እርሻቸውን እንዴት እናድን እያለች የምታስብ ናት። እኔን ከኤፍሬም እኩል የነካችኝ እርሷ ናት፤ በየክፍሉ እንዲህ ያለች ልጅ አስተምሬአለሁና።

እንከንም አለበት። ተራራው በጣም ያምራል፤ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ። እኛ ደገኞች ተራራን ቆመን አናደንቀውም፤ ሸክም ይዘን እንወጣዋለን። ካሜራው አንዳንድ ቦታ ላይ አገሩን ለማያውቅ እንግዳ የሚያስጎበኝ ይመስላል። አጎትየውንም ከዚህ ጠለቅ ብሎ ቢያሳየን በወደድሁ። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ድሀ ሰው ነው፤ በዓል ሲደርስ ባዶ እጁን መቆም ምን ያህል እንደሚከብደው አባቶቻችን ያውቁታል። ቁጣውን አየን፤ ጭንቀቱን ግን በቂ አላየንም።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንምጣ። «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳዩ የካን ፌስቲቫል «አን ሰርተን ረጋር» በተባለው ክፍል ታየ። ከኢትዮጵያ በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ፊልም ነው። አላሸነፈም። ያሸነፈው ማን መሰላችሁ? ስለ በግ የተሠራ ሌላ ፊልም! «ራምስ» የሚባል የአይስላንድ ፊልም ነው። ለ40 ዓመት የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን በግ ያረባሉ። በሽታ ይገባና የሸለቆው በጎች በሙሉ እንዲታረዱ ይታዘዛል። በዚያም በጉን ከሞት ለማዳን የሚታገል ሰው አለ፤ በዚያም በጉ የፍቅር መፈተኛ ነው።

በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ «ላምብ»ን፣ አይስላንድም «ራምስ»ን ለኦስካር ላኩ። የኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ያን ጊዜ እንዲህ ይሠራ ነበር፦ አንድ አገር የሚልከው አንድ ፊልም ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት 80 ያህል አገሮች ላኩ። መጀመሪያ ዘጠኝ ተመረጡ፤ ከዚያ አምስቱ ዕጩ ሆኑ፤ የሃንጋሪው «ሰን ኦቭ ሶል» በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ሽልማቱን ወሰደ። «ላምብ» ከዘጠኙ ውስጥ አልነበረም። ልብ በሉ፤ በካን ያሸነፈው «ራምስ»ም አልነበረም! በግንቦት አንደኛ የተባለ ፊልም በታኅሣሥ ከዘጠኝ ውስጥ ቦታ አጣ። በመካከሉ ፊልሙ አንዲት ምስል አልተለወጠችበትም። የተለወጡት ዳኞቹ ናቸው።

ሌላም ምሳሌ አለ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የስክሪፕት ሽልማትን አገኘ፤ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ የአፍሪካ ሲኒማ ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ ወሰደ። ኢትዮጵያ ግን ለኦስካር ፊልም መላክ የጀመረችው ከዚያ በኋላ በ2010 ስለ አበበ ቢቂላ በተሠራው «አትሌቱ» ነው። ስለዚህ «ጤዛ» በዚያ ዘርፍ ተሸንፎ አያውቅም፤ ከነጭራሹ ለውድድር አልቀረበም። በ2021 የኦስካሩ አካዳሚ ሙዚየም ሲከፈት ግን ኃይሌ ገሪማን በልዩ ሽልማት አከበረ። ሰውየው ያን ጊዜ ዕድሜው ከ70 አልፎ ነበር። ለአሥርት ዓመታት የሠራው ያንን ቀን እየጠበቀ ቢሆን ኖሮ «ጤዛ» ባልኖረም ነበር።

ሽልማት ከንቱ ነው እያልሁ አይደለም። ካን ባይኖር ኖሮ እኔ ራሴ ስለ «ላምብ» መቼ እሰማ ነበር? ሽልማት የተደበቀን ሥራ ያወጣል፤ ለሠሪው ቀጣዩን ሥራ የሚሠራበት በር ይከፍታል። አገራችንም ጉማ የሚባል ሽልማት ስላላት ደስ ይለኛል። ግን ሽልማት ጣት ነው፤ «ወደዚያ ተመልከቱ» ይላል። ጣቱን እያየን ከቀረን ሞኞች ነን። ጣት ያልጠቆመውን ነገር የለም ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

ነቢዩ ናታን በንጉሥ ዳዊት ፊት ቆሞ የተናገረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ እርሱም ስለ አንዲት በግ ነው። ድሀው እንደ ልጁ ያሳደጋትን፣ ባለጠጋው ነጥቆ ያረዳትን በግ። አዳራሽ አልነበረም፤ ጭብጨባም አልነበረም። ሰሚው አንድ ሰው ነው። ንጉሡ ግን በታሪኩ ውስጥ ባለው ሰው ተቆጥቶ ሳይጨርስ ራሱን አገኘ። አንድ ታሪክ ሥራውን መሥራቱን የምናውቀው በዚህ ነው፤ እየሰማኸው ሳለ ስለ ራስህ መሆኑ ይገባሃል።

ስለዚህ ቅዳሜ ፊልሙን እናየዋለን። ስታዩ ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ልጁ ያላለውን ምን ሰማሁ? ከሰዎቹ ማንን ለመረዳት ከበደኝ? በዚህ ቤት ውስጥ እኔ ማን ነኝ፤ ኤፍሬም፣ ጽዮን ወይስ አጎትየው? መልሳችሁ ከማንም ዳኛ ነጥብ ይልቅ ስለ ፊልሙ ብዙ ይነግረናል።

አንተም ወንድሜ፣ ከኋላ የተቀመጥኸው። ባለፈው ዓመት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሃያ ያህል ግጥም ሰማን። አንተ ስታነብ መሽቶ ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። የሰጠሁህን ነጥብ ዛሬ አላስታውሰውም። ስለ እናትህ እንስራ ያልኸውን ግን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። አብሽር፣ ደብተርህን ይዘህ ና። ከፊልሙ በኋላ እንሰማሃለን፤ በዚህ ጊዜ ነጥብ የሚሰጥ የለም።