የታሌስ ቲዎረም፦ ስሙ ሁለት ቦታ፣ ማረጋገጫው የትም

በጅቡቲ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፈረንሳይኛ ይሰጣል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ በእንግሊዝኛ። ስለዚህ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የመጣ ተማሪ «የታሌስን ቲዎረም ተምሬአለሁ» ቢል፣ የሚያስታውሰው በግማሽ ክብ ውስጥ የሚሠራ ጎነ ሦስት ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዳለው ነው። በእንግሊዝኛ የታሌስ የሚባለው ይህ ነውና። በፈረንሳይኛ ግን በዚሁ ስም የሚታወቀው ሌላ ነው፦ ለአንዱ የጎነ ሦስት ጎን ትይዩ የሆነ መስመር ሁለቱን ሌሎች ጎኖች በእኩል ውድር ይከፍላል። ተማሪው አንዱን ተጠይቆ ሌላውን ቢጽፍ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ስሙ በቀላሉ ይታረማል። ከታሌስ እጅ የተረፈ ጽሑፍ የለም። ሁለቱም ቲዎረሞች ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ባዘጋጀው ሥራ ኤውክሊድ አረጋግጧቸዋል፤ የክቡን በ3ኛው መጽሐፍ በቁጥር 31፣ የውድሩን በ6ኛው መጽሐፍ በቁጥር 2።

ይበልጥ የምንነቅፈው አቀራረቡን ነው። ቀመሩ በሣጥን ተከብቦ «አስታውሱ» ይባላል፤ ማረጋገጫው ይዘለላል። በማሠልጠኛ ተቋም ዕጩ መምህራንን «ለምን እኩል ሆነ?» ብለን ስንጠይቅ ብዙዎቹ ቀመሩን ይደግሙልናል። ነገ የሚያስተምሩት እነዚሁ ናቸው።

ማረጋገጫው ግን አጭር ነው። በጎነ ሦስት ሀመሠ ውስጥ ነጥብ ረ በሀመ ላይ፣ ነጥብ ቀ በሀሠ ላይ ይሁኑ፤ መስመር ረቀ ለመስመር መሠ ትይዩ ይሁን። ጎነ ሦስት ረቀመ እና ጎነ ሦስት ረቀሠ የጋራ መሠረትና እኩል ቁመት ስላላቸው ስፋታቸው እኩል ነው። የጎነ ሦስት ሀረቀ ስፋት ለመጀመሪያው ሲካፈል ሀረ÷ረመ ይሆናል፤ ለሁለተኛው ሲካፈል ሀቀ÷ቀሠ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ውድሮች እኩል ናቸው። ይህን የተረዳ ተማሪ ቀመሩ ቢጠፋበት ራሱ መልሶ ያወጣዋል፤ ስሙ ቢለወጥበትም አይደናገርም።

ከዚያ ወደ ግቢ መውጣት ነው። የ1 ሜትር ዱላ 80 ሳንቲሜትር ጥላ በሚጥልበት ሰዓት የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ጥላ 4.8 ሜትር ከሆነ፣ የፀሐይ ጨረሮች ትይዩ ስለሆኑ ምሰሶው 6 ሜትር ነው። ጅቡቲ ከተማ በ11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ ግን፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ዱላው ጥላ የለውም ለማለት ይቻላል። መምህሩ ሰዓቱን ይምረጥ፤ ወይም ምክንያቱን ተማሪዎቹን ይጠይቅ።

ስለሆነም መጽሐፍ አዘጋጆችም ሆንን መምህራን ሁለቱን ስያሜዎች ጎን ለጎን እንጻፍ፤ ማረጋገጫውንም ከቀመሩ እናስቀድም።