የካርቱም ምሽትና የሐጅ ዩሱፍ ግቢ፦ ስለ «ወርቃማው ዘመን» ትረካ ሒሳዊ ምልከታ

ስለ ቀድሞዋ ካርቱም የጭፈራ ምሽቶች የሚቀርበው ትረካ የተለመደ ቅርጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከተማዋ በክበብና በሆቴል ትደንስ ነበር፤ በመስከረም 1983 ጃፋር ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ አወጀ፤ መጠጡ ዓባይ ውስጥ ተደፋ፤ የ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት ደግሞ የተረፈውን አዳፈነ። ኦስቲናቶ ሬከርድስ በ2018 ያሳተመው የሱዳን ዘፈኖች ስብስብ መሐመድ ዋርዲን፣ ሐናን ቡሉቡሉንና ሆጃሊ ኡስማንን ለአዲስ ትውልድ አድማጭ ማድረሱ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉ ስብስቦች የሚደመጡበት የ«ወርቃማ ዘመን» ትረካ መመርመር ይኖርበታል።

ትረካው ለአዲስ አበባ ይስማማል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ«ኢትዮፒክስ» ያሰባሰበው ሙዚቃ በአመዛኙ የክበብና የሆቴል ባንዶች ሥራ ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሲታወጅም ታዳሚው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ይጨፍር ነበር። ዋልያስ ባንድን ያለ ሒልተን፣ ሮሃን ያለ ግዮን ማሰብ ያዳግታል። በካርቱም ግን የዘፋኙ ዋነኛ መድረክና የእንጀራው ምንጭ ሠርግ ነበር። «የሱዳን ጃዝ ንጉሥ» የተባለው ሻርሐቢል አሕመድ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ይዞ በተነሣበት ዘመን እንኳ ሕዝቡ ሙዚቃን አብዝቶ የሚያገኘው በግቢና በድንኳን ውስጥ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ራሱ ሕጉ ነው። የ1996ቱ የካርቱም የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የግል ድግስ ፈቃድ እንዲጠይቅና ከምሽቱ 5 ሰዓት እንዳያልፍ ደነገገ፤ ወንድና ሴት አብረው እንዳይደንሱም ከለከለ። ሙዚቃው ከሆቴሉ ጋር ሞቶ ቢሆን ኖሮ፣ መንግሥት እስከ ሙሽራ ደጅ ድረስ ባልተከተለው ነበር። ሕግ አውጪው የሙዚቃውን መኖሪያ ከኋላ ዘመን ተራኪዎች አሳምሮ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ከባሕሪ በስተምሥራቅ ያለው ሐጅ ዩሱፍ በዚህ ትረካ ውስጥ ስፍራ የለውም። ሰፈሩን ያሰፉት በ1980ዎቹ ድርቅና ጦርነት ከምዕራብ፣ ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ ያፈናቀሏቸው ሰዎች ናቸው። ስመ ጥር ዲስኮ አልነበረውም፤ ምሽት ግን ነበረው። ያው አዋጅ የሆቴሉን ሙዚቀኛ መድረክ ሲነሣው፣ መሪሳ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድገውን ተፈናቃይ እናት ለግርፋትና ለኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት ዳረጋት። የመጀመሪያው ኪሳራ ዛሬ በሸክላ ይታተማል፤ የሁለተኛው መዝገብ የባለታሪኮቹ ትዝታ ብቻ ነው።

የሕዝብ ሥርዓት ሕጎቹ በኅዳር 2019 ተሽረዋል። በሚያዝያ 2023 የፈነዳው ጦርነት ደግሞ የካርቱምን ሰው በየአገሩ በትኖታል፤ ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረውም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የካርቱምን ምሽት የሚያጠና ሰው ካሴት ከመሰብሰብ ጎን ለጎን የእነዚህን ሴቶች ቃል ሊመዘግብ ይገባል። ካሴቱ ሊቆይ ይችላል፤ ባለታሪኮቹ ግን እያረጁ ነው።