መዝገብና መዘክር

በካርቱም፥ ሐበሻ በሚበዛበት በዴም ሰፈር ተቀምጬ፥ የወገኖቼን ቃል ወደ እንግሊዝኛ፥ የጸሐፊዎችንም ጥያቄ ወደ አማርኛ ሳመላልስ በኖርሁባቸው ዓመታት፥ ከረቀቀው የሕግ ቃል ይልቅ ያሳቱኝ «ሬጅስተር» እና «ሬኮርድ» የሚባሉ፥ መንታ የሚመስሉ ሁለት ተራ ቃላት ናቸው። ሁለቱንም «መዝገብ» እያልሁ አሳልፋቸው ነበር።

አንድ ቀን አንድ ጸሐፊ፥ ከፊቱ የቆሙትን ሽማግሌ ልደታቸውን የሚያስረዳ ሬኮርድ እንዳላቸው በእንግሊዝኛ ቢጠይቅ፥ እኔ «አባባ፥ በመዝገብ ሰፍረዋል?» ብዬ ተረጐምሁ፤ እርሳቸውም «ኧረ ልጄ፥ በዚያ ቆላ ማን መዝግቦኝ!» ቢሉ፥ ዶሴው በዚያው ተዘጋ። ከደጅ ስንደርስ ግን ሽማግሌው ከማኅደሩ ያወጡት ዳዊት፥ በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ፥ የክርስትና ስማቸውንና የተጠመቁበትን ዕለት፥ ከዓመተ ምሕረቱና ከወንጌላዊው ጋር፥ በደብሩ ቄስ እጅ ተጽፎ ይዞ ተገኘ።

ሌሊቱን ቃላቱን ከሥራቸው ስመረምር አደርሁ። «ሬኮርድ» በላቲን ከልብ ስም የተወለደ፥ ወደ ልብ መመለስን የሚያመለክት ነውና፥ የግዕዙ ወንድሙ «ዘከረ» ነው፤ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆመው ቤተ መጻሕፍት «ወመዘክር» መባሉም ከዚሁ ግስ ነው። ለ«ሬጅስተር» የሚስማማው «መዝገብ» ግን «ዘገበ»፥ ማለት አከማቸ፥ ከሚለው ወጥቶ ጥንት የሀብት ማኖሪያ ነበር፤ በተራ የተከማቸ ነገር ከላይና ከታች ባለው ጎረቤቱ ይታመናል፥ አንድ መስመር ቢዘለል ጠቅላላው ይጠረጠራል። ከ«ዘከረ» የወጣው መዘክር ግን ብቻውን ቆሞ ይመሰክራል፤ አባቶቻችን ጉልቱን በወንጌል ኅዳግ ሲጽፉ ውግዘት ጨመሩበት እንጂ ተራ ቁጥር አልሰጡትም።

የሱዳን ብሔራዊ የሰነድ ቤት፥ ዳር አል ወሳይቅ፥ በእንግሊዝኛው በ«ሬኮርድ» ሲጠራ፥ የዐረብኛው ስም ሥሩ መታመን ነው። መሐመድ ኢብራሂም አቡ ሰሊም ለረጅም ዘመን በመሩት በዚህ ቤት፥ ኦምዱርማን እ.ኤ.አ. በ1898 ስትወድቅ የተማረኩት የማህዲያ መንግሥት ወረቀቶች ተከማችተው፥ የግምጃ ቤቱ የሒሳብ ደብተርና የመሪው የኸሊፋ አብዱላሂ ደብዳቤ አብረው ሲያድሩ ኖረዋል፤ እኔም ደብተሩን መዝገብ፥ ደብዳቤውን መዘክር እላለሁ። ደብዳቤው በደብተር ሲገለበጥስ? በዚህ ላይ ከባልንጀሮቼ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።

ከዚያች ሌሊት በማግሥቱ ከሽማግሌው ጋር ወደ ጸሐፊው ተመልሰን ገብተን፥ «አባባ፥ ልደትዎን የሚያስታውስ ጽሑፍ አለ?» ብዬ ጥያቄውን አቃናሁት፤ ጸሐፊውም ዳዊቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ፥ ክርስቲያኑን ሽማግሌ እንደ አገሩ ልማድ «ያ ሐጅ» ብሎ ካስቀመጠ በኋላ፥ ትልቁን መዝገብ ገልጦ፥ ከማያውቋቸው ሁለት ሰዎች ስም በታች ጻፋቸው።